ቄስ ውበቱ እና የጎተራው ግዝት

አባቴን አብዮቱ ነጻ አወጣው የሚሉ ሰዎች ዛሬም መካነ ሰላም ውስጥ አሉ። ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኔ አስቻለች፣ የቄስ ውበቱ ልጅ፣ ነገሩ ሁሉ ሲሆን ከአባቴ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ተድሬ እኖር ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

አባቴ የአፋፉ ሚካኤል ካህን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው ያለው። ቄስ ሲባል ጥላ ይዞ የሚንጎራደድ ሰው የሚታየው ካለ ተሳስቷል። አባቴ በሬ ጠምዶ ገብስ የሚያርስ፣ እግሩ የተሰነጣጠቀ ገበሬ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ወፍራም ነው፤ ሲቀድስ ከወንዝ ማዶ ይሰማል ይባል ነበር። መሳቅ አያውቅም። እናቴ ወርቂቱ ግን ለሁለት ትስቅ ነበር። «የኔ ባል ሲስቅ ያየሁት አንድ ቀን ነው» ትላለች፣ «እሱም በሠርጋችን ቀን፣ የበቅሎዋ ኮርቻ ዞሮ ከነካባዬ ጭቃ ውስጥ ስወድቅ!»

ግዝት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች አያውቁምና ልንገር። ካህኑ መስቀሉን አንሥቶ «ይህን ያደረገ የተገዘተ ይሁን» ካለ፣ ያን ነገር ያደረገ ሰው አይቆርብም፣ ቢሞት ፍትሐት የለውም፣ እያወቀ ከሱ ጋር ከአንድ መሶብ የበላም እንደሱ ነው። በሬ የጠፋበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ ቄስ ጋ ይሄድ ነበር፤ ሌባው ፖሊስ ሲያይ ይሮጣል፣ ግዝት ሲሰማ ግን በሬውን ይመልሳል። ሲፈታም የገዘተው እጅ ነው የሚፈታው። በኛ አገር ሕጉ ይህ ነው።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት በልጉ ቀረ፣ የስድሳ ስድስቱን መኸር ደግሞ በረዶ መታው። እኛ ደገኞቹ ያለንን እየቆጠብን ስንኖር፣ ከቆላው ሰው ከነልጁ ሽቅብ እየወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራዎች ሥር ይሰፍር ጀመር። አባቴ ከቅዳሴ ይልቅ ፍትሐት የሚያደርስበት ጊዜ በዛ። ሬሳ የሚሸከም ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ ራሱ ይሸከም ነበር። ቤት ሲገባ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ እናቴም የዚያን ጊዜ አትቀልድም።

በመጨረሻ ከደሴ የእርዳታ እህል መጣ። እስከ መካነ ሰላም በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የምክትል ወረዳው ገዥ የግራዝማች ቸኮል ጎተራ ውስጥ ገባ። ገብቶም ቀረ። ግራዝማች «ከበላይ ትእዛዝ እስኪመጣ» ብለው ቆለፉት። ትእዛዙ አልመጣም፤ እህሉ ግን በየገበያው ቀን በአህያ እየተጫነ ከግቢያቸው ሲወጣ አገር አየ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እያለ ሰው ዓይኑን መለሰ። አንቱ እያልኩ የምጽፈው እናቴ እንዲህ አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው እንጂ፣ የዚያን ዓመት የነበረኝን ስሜት ቢጠይቁኝ ሌላ ነው።

ግራዝማች ግን ፍርሃት ያዛቸው። ዘበኞቹም ርቧቸዋል፤ አንድ ቀን ራሳቸው በሩን ቢሰብሩስ? ስለዚህ አባቴን አስጠሩት። አብረውት የነበሩት ሽማግሌዎች የነገሩን ይህን ነው።

«ቄስ ውበቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይገዝቱልኝ» አሉት ግራዝማች። «ጎተራዬ ላይ እጁን የዘረጋ ሁሉ የተገዘተ ይሁን ይበሉ።»

«ግራዝማች፣ ግዝት የእግዚአብሔር ነው። የጎተራ ቁልፍ አይደለም» አለ አባቴ።

«እኔን የሾሙኝ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጳጳሱም ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነው። እኔ ካዘዝኩ ጳጳሱ አዘዙ ማለት ነው። እምቢ ካልክ ክህነትህን አስይዛለሁ።» ሲቆጡ አንቱታው ይጠፋቸዋል።

አባቴም «መልካም፤ እሑድ ይምጡ። እገዝታለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። መንደሩ ሲሰማ አዘነበት። እኔም ተቀየምኩት፤ አልዋሽም።

እሑድ ግራዝማች ካባቸውን ደርበው፣ ዘበኞቻቸውን አስከትለው፣ ከባለቤታቸው ከእሜቴ ሸዋረግ ጋር መጡ። ቅዳሴው ሲያልቅ አባቴ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆመ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ከወይራው ሥር ከረሃብተኞቹ ጋር ተቀምጬ ነበር።

«ግራዝማች» አለ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ «ሳልገዝት በፊት ልወቅ። ጎተራዎ ውስጥ ያለው እህል የማን ነው?»

«የመንግሥት ነዋ!»

«መንግሥት ለማን ላከው?»

ግራዝማች ወደ ዘበኞቻቸው ዞሩ። ከወይራዎቹ ሥር አንዲት ደካማ ሴት «ለተራበ» አለች። አባቴ መስቀሉን አነሣ።

«ለተራበ የተላከውን እህል የቆለፈ፣ እያወቀ የሸጠ፣ እያወቀ የገዛ፣ እያወቀም ከሱ የበላ፣ ሹምም ቢሆን ገበሬ፣ ቄስም ቢሆን ምእመን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ!»

አሜኑ የጀመረው ከወይራዎቹ ሥር ነው። ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ግቢው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም ሆዴን ይዤ እየጮህኩ አሜን አልኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ግራዝማች ፊታቸው ጠቁሮ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ያን ዕለት እቤታቸው የሆነውን ቤተኞቻቸው አወሩት። እሜቴ ሸዋረግ ምሳ ሲያቀርቡ ሁለት መሶብ አስቀመጡ፤ አንዱን ለባላቸው፣ አንዱን ለራሳቸው፣ ራቅ አድርገው።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ግራዝማች።

«እኔ አሜን ብያለሁ» አሉ እሜቴ።

በሳምንቱ እሜቴ የጎተራውን ቁልፍ በመቀነታቸው ቋጥረው መጥተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለሽማግሌዎች አስረከቡ። የቀረው እህል በየወይራው ሥር ታደለ። እህሉ ደርሶላቸው የዳኑ ሰዎች ልጆች ዛሬ በየአገሩ አሉ፤ ከደጎሎ ገበያ እስከ ወረኢሉ ስሄድ አንዳንዱ ያስቆመኛል።

ግራዝማች ግን አልተኙም። መካነ ሰላም ወርደው አባቴን ለአውራጃው ሊቀ ካህናት ለኃይለ ማርያም ከሰሱ። ሊቀ ካህናቱ ደግ ግን ፈሪ ሰው ነበሩ። ግራዝማችን «ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው፤ እሜቴ ሸዋረግ ግን «የገዘተው እጅ ይፍታ» ብለው መሶባቸውን እንደለዩ ቀሩ። ከዚያ አባቴ ተጠራ።

«ቄስ ውበቱ፣ ጳጳሱን ሳትጠይቅ የመንግሥት ሹም ገዝተሃል። በጳጳሱ ቃል ክህነትህን ይዤዋለሁ። እንዳትቀድስ፣ እንዳታጠምቅ፣ መስቀል እንዳታሳልም» አሉት።

አባቴ ጎንበስ ብሎ መሬት ሳመና «ይሁን» አለ። ምንም ሳይከራከር መጣ። እኔ እንደ እሳት ነደድኩ። «አባዬ፣ አንቱ ግራዝማችን ያልፈሩ ሰው ሊቀ ካህናቱን ፈሩ?» አልኩት።

«ከሹም ጋር እጣላለሁ» አለኝ። «ከጳጳሴ ቃል ጋር ግን አልጣላም። የወደደውን ብቻ የሚታዘዝ ቄስ፣ ቄስ አይደለም፤ እሱም ሌላ ግራዝማች ነው።»

መስቀሉን በነጭ ሻሽ ጠቅልሎ ከቤታችን ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ሰው እንደልማዱ ሊሳለም ሲመጣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «ከምሰሶው ተሳለሙ። መስቀሉ አልተገዘተም፤ የተገዘተው እጄ ነው» ይላል። ሰውም ምሰሶውን እየተሳለመ ይሄዳል። ለካህን የሚሰጠው የሰሞን መሬት ለሌላ ቄስ ተሰጠ። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ በረሃቡ ሞቶ ስለነበር፣ እስላሙ ጎረቤታችን እንድሪስ የራሱን አንድ በሬ እየነዳ መጣና «አብሽር ቄሱ፣ አላህ ያየዋል» ብሎ ከኛ በሬ ጋር አቀናጀው። በዚያ መቀናጆ ሁለቱም ቤት አረሰ።

አባቴ በየእሑዱ ከምእመናኑ ጋር ከውጭው ቅጥር ቆሞ ያስቀድስ ነበር። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ ግን አልቻለም። ወንድ ልጄ ተወልዶ ክርስትና ሲነሣ፣ ያጠመቀው ወጣቱ ቄስ አድማሴ ነበር። የገዛ አያቱ፣ ያን ሁሉ የአገር ልጅ ያጠመቀ እጅ፣ ከበሩ ውጭ የሕፃኑን መጠቅለያ ይዞ ቆሟል። ልጄን ተቀብሎ ሲጠቀልለው እንባው መጠቅለያው ላይ ወረደ። ቄስ አድማሴም ይቅርታ ሊለው ሲል፣ «ደህና አድርገህ አጥምቀኸዋል» ብሎ አፉን ዘጋው።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። አዋጅ በአዋጅ ላይ መጣ፤ መሬት ለአራሹ ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ዘማች ተማሪዎች መጡ። ግራዝማች ቸኮልም ተይዘው መካነ ሰላም ወህኒ ቤት ገቡ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሳቸው ግን የበሉት ነው የቆጫቸው። አንድ ቀን እሜቴ ሸዋረግ በእግራቸው እቤታችን መጡ። በበቅሎ እንጂ በእግራቸው ሲሄዱ አይተናቸው አናውቅም ነበር።

«ቄስ ውበቱ፣ ባሌ ታሟል። ሳይፈታ እንዳይሞት ይፍቱልኝ። መካነ ሰላም ከዘመድ ቤት ተጠግቼ በየቀኑ አገልግል ይዤለት እሄዳለሁ፤ ግን ሲበላ ፈቀቅ ብዬ ነው የምቆመው» አሉ።

አባቴ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው። «እሜቴ፣ በዚህ እጅ? ባለቤትዎ ራሳቸው አይደሉም ወይ ያስያዙት?»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች! ግራዝማች የሚፈታቸውን ብቸኛ እጅ በገዛ እጃቸው አስረውታል። እኔ ደስ ሊለኝ ሲል አባቴን አየሁት። ፊቱን አዙሮ ከምሰሶው ጋር ተደግፏል። እሜቴ እያለቀሱ ሲወጡ ምግብ አልበላም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክህነቱን የሚፈልገው ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በስድሳ ስምንት የካቲት ፓትርያርኩ ከመንበራቸው ወረዱ ተባለ። ደርግ ነው ያወረዳቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምናለ የሚባለው የዘማቾቹ አለቃ፣ ነገረኛ ያልሆነ ግን ችኩል ልጅ፣ የገበሬ ማኅበሩን ሰብስቦ አባቴን ፊት አስቀመጠው። ቤታችን ቀድሞ መጥቶ «የተበደሉ ቄስ እርስዎ ነዎት» ብሎት ነበር፤ አባቴ ጠላ አስቀድቶለት ሸኘው።

«ጓዶች!» አለ ምናለ። «እኚህ ካህን ከጭቁኑ ጎን ስለቆሙ ፊውዳሉና ጳጳሳቱ ተባብረው ክህነታቸውን ቀሟቸው። ፓትርያርኩ ወርደዋል። ጳጳሳቱም ይወርዳሉ። ከዛሬ ጀምሮ ቄስ ውበቱን አብዮቱ ፈትቷቸዋል! ይግቡ፣ ይቀድሱ!»

ሰው አጨበጨበ፤ እልል ያለም ነበር። እሜቴ ሸዋረግ ከሴቶቹ መሐል ቆመው ዓይናቸው አባቴ ላይ ነበር። እናቴ እጄን ጨብጣ ያዘችው። አንድ «እሺ» ቢል መስቀሉ ከምሰሶው ይወርዳል፣ ከውጭው ቅጥር መቆሙ ይቀራል፣ ግራዝማችም ከግዝቱ ይፈታሉ። አባቴ ተነሣ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ለኔ ብለህ ነው። ነገር ግን የንጉሡ ሹም ግዘት ብሎ ሲያዝዘኝ፣ ግዝት የሹም አይደለም ብያለሁ። ዛሬ የአብዮቱ ሹም ተፈታ ሲለኝ፣ መፈታት የሹም ነው ልበል? እኔን የያዘችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት። እሷው ትፍታኝ።»

«ያቺ ቤተ ክርስቲያን እኮ ናት የበደለችዎ!» አለ ምናለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«እናትም ትበድላለች። በእናት ፈንታ ግን ሌላ እናት አይሾምም።» ከዚያ ወደ እሜቴ ሸዋረግ ዞረ። «እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። በውሸት እጅ የተፈታ ሰው እንደታሰረ ነው የሚቀረው። ባለቤትዎን እንዲያ አላታልላቸውም።»

ጭብጨባው ቆመ። እሜቴ ሸዋረግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምናለ «አድኃሪ!» ብሎ አባቴን ወደ ከተማ አስወሰደው፤ ፖሊስ ጣቢያ ሰንብቶ ተፈታ። እናቴ ስንቅ ስታቀብለው «ክህነትህ ታሰረ፣ አሁን ደግሞ እግርህ። እኔ ካገባሁት ምንህ ቀረ?» አለችው። «አፌ» አላት። እውነቱን ነው።

ወሬው ግን አገር አዳረሰ። በሐምሌ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ባለበት ቀትር፣ ሊቀ ካህናት ኃይለ ማርያም በበቅሎ መጡ። አርጅተዋል። ከበቅሎው ወርደው ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ገቡ። አባቴ ሊያስገባቸው ሲነሣ እግሩ ላይ ወደቁ።

«ውበቱ፣ ፍታኝ!»

«አባታችን፣ ምነው! ይነሡ!»

«ጳጳሱ ምንም አላዘዙኝም ነበር። ቃላቸውን አልሰማሁም፤ አልጠየቅኋቸውምም። ግራዝማችን ፈርቼ በጳጳስ ስም የያዝኩህ እኔ ነኝ። አንተ ግን ያን የውሸት ቃሌን አክብረህ ለአብዮቱ እምቢ አልክ ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። የታሰርኩት እኔ ነኝ። ፍታኝ።»

እኔ ከጓዳ በር ቆሜ ልጮህ ነበር። ሁለት ዓመት! ልጄ ክርስትና ሲነሣ ያፈሰሰው እንባ! እናቴ አፌን ባትይዝ ኖሮ ለሊቀ ካህናትነታቸው የማይገባ ቃል እናገር ነበር። አባቴ ግን ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ አነሣና መደቡ ላይ አስቀመጣቸው።

«የታሰረ የታሰረን አይፈታም፣ አባታችን። መጀመሪያ እርስዎ ይፍቱኝ።»

ሊቀ ካህናቱ መስቀላቸውን አወጡ፤ አባቴ በጉልበቱ ወደቀ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። አባቴ ተነሥቶ ወደ ምሰሶው ሄደ። ሻሹን ፈታ። መስቀሉን በእጁ ሲይዝ ጣቶቹ አላምን ያሉ ይመስል ደጋግሞ ጨበጠው። ከዚያ ተመልሶ በእኚያ ሽማግሌ ራስ ላይ አደረገውና «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አለ። የአባቴ እጅ ከእስሩ ወጥቶ መጀመሪያ የፈታው ያሰረውን ሰው ነው። ይህን የሚበልጥ ኩራት ያለው ካለ ይምጣና ይንገረኝ!

እናቴ ምሳ ስታቀርብ «ተይው» አላት። «ግራዝማች ታመዋል።» እኔም አልቀርም ብዬ ልጄን አዝዬ ተከተልኩት።

ወህኒ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ እሜቴ ሸዋረግ አገልግላቸውን ለዘበኛው ሰጥተው እንደልማዳቸው ፈቀቅ ብለው ቆመዋል። ዘበኛው የኛው አገር ልጅ ነበር፤ አባቴን ሲያይ መስቀሉን ተሳልሞ ግራዝማችን እስከ አጥሩ በር ድረስ ደግፎ አመጣቸው። ያ ሁሉ ካባ የለም፤ ሰውነታቸው አልቋል። አባቴ መስቀሉን ይዞ ጠበቃቸው።

«እህሉ የኔ አልነበረም» አሉ ግራዝማች። «የተራበ ሰው እህል ነው። በድያለሁ።»

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» አለ አባቴ፣ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አድርጎ።

እሜቴ ሸዋረግ ከቆሙበት መጡ። ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አገልግሉን ከዘበኛው ተቀብለው ከፈቱና ከባላቸው ጋር እጃቸውን አብረው ሰደዱ። ሲጎርሱ እንባቸው ወጡ ውስጥ ይንጠባጠባል። ስንቱን ቀን ተናድጄባቸው ስለነበር እንዲህ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ግራዝማች ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አባቴ ዘረጉ። «ይጉረሱ ቄሱ» አሉ። «ብቻ ይህኛው እህል የማን ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ።»

አባቴ ጎረሰ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያ ወፍራም ድምፁ ከሆዱ ወጣና ወህኒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጉርሻው ከአፉ እስኪወጣ ድረስ ሳቀ። ዘበኛው ሳይቀር ዞሮ አየው።

በማግስቱ ማታ ቤት ስንገባ ለእናቴ ነገርኳት።

«ሳቀ?» አለችኝ።

«ሳቀ» አልኳት።

ወደ ባዶው ምሰሶ አየት አደረገችና «እንግዲህ ሁለተኛው መሆኑ ነው» ብላ እራቱን አቀረበችለት።